ኮላ የገባበት ኩኪስ

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው የተሰጠው አደራ አንድ ብቻ መሆን አለበት። እኔ ስድስት አሉኝ። ስድስቱም ይሮጣሉ፣ ሁለቱ ይናከሳሉ፣ አንዱ ደግሞ ያገኘውን ነገር ሁሉ አፍንጫው ውስጥ ይከታል።

ሥራዬ የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ያለውን ቤታችንን ዴይኬር ካደረግሁት አራት ዓመት አለፈኝ። ከዚያ በፊት ካናል ዊንቸስተር በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲል ኮርስ ወሰድኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ላይሰንስ አወጣሁ። ከካርቶን ልጅ ይቀላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ካርቶን ካስቀመጡት ቦታ ይገኛል።

ደግሞ እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁና እንግባባ። የጭስ መጠቆሚያው ባትሪ አልቆበት «ጢጥ» ካለ ስድስቱንም ልጆች ግቢ አውጥቼ አሰልፋለሁ። ልጅ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ይብስብኛል። ከምሳ በኋላ ሲተኙ እየዞርኩ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። አንድ ቀን በጣም ተጠግቼ ሳዳምጥ ማያ የምትባለው የአምስት ዓመቷ ልጅ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ በእንግሊዝኛ «በሕይወት አለሁ» ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

ከሁሉም አብልጬ የምፈራው ግን ኢንስፔክሽን የሚሉትን የመንግሥት ቁጥጥር ነው። በዓመት አንድ ቀን ሳይደውሉ፣ ሳይጽፉ፣ እንደ ሞት መልአክ በሩን ያንኳኳሉ። ለዚህ ፍርሃቴ ቀለብ የሚሰፍሩለት ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ሊንደን ሰፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ዴይኬር የሠሩ፣ እኔንም ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ ሴት ናቸው። በየሳምንቱ ይደውሉልኛል።

«አንዷን ዘጉባት፣ ሰማሽ?»

«ማንን?»

«ስሟን አላውቀውም። የሳል ሽሮፕ ጠረጴዛ ላይ ተገኘባት። በቃ! ላይሰንሷን ይዘውት ሄዱ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«እሱን አላውቅም። ግን ዘጉባት።»

ስሟ የማይታወቅ፣ አድራሻዋ የማይታወቅ ይህች ሴት በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተዘግቶባታል። እኔ ግን ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ተነስቼ የሳል ሽሮፑን የቆለፍኩበትን ቁልፍ የቆለፍኩበትን መሳቢያ አያለሁ።

ዘንድሮ ዲሴምበር ሲገባ የኢንስፔክሽኑ ዓመት ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ የመጣ ሰው ግን የለም። ጥቅል የሚያደርሰው ሰውዬ ደወሉን ሲጫን እጆቼን ታጥቤ ነበር የምከፍትለት። እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ላይ ነው የማያ እናት ፎቶ የላከችልኝ። የሌላ ዴይኬር ልጆች ናቸው። ነጭ ቆብ አድርገው፣ ዱቄት በዱቄት ሆነው፣ የሰው ቅርጽ ያለው ቡናማ ኩኪስ ይዘው ይስቃሉ። ከሥሩ «እትዬ፣ የእኛ ልጆችስ ጂንጀርብሬድ አይሠሩም?» የሚል ጽሑፍ አለ። ጥያቄ ይመስላል፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለ ጂንጀርብሬድ መጥፎ ትዝታ አለኝ። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ስሙን ስሰማ ትርጉሙ ግልጽ መሰለኝ፤ የዝንጅብል ዳቦ ነዋ! ዝንጅብል ወቅጬ፣ ክብ ዳቦ ጋግሬ፣ ቆርሼ አቀረብኩ። ያኔ አንድ ፍሬ ልጅ የነበረችው ማያ ቁራሿን ገልብጣ ገልብጣ አየችና «እግሩስ?» አለችኝ። የዳቦ እግር ስፈልግ ዋልኩ ማለት ነው።

አሁን ግን እንደ ሰው ተዘጋጀሁ። ኢንተርኔት ገብቼ አነበብኩ። ነገሩ ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው የሚበላ ነው፤ ዱቄት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ደግሞም እንደ ሬንጅ የጠቆረ የስኳር ማር። ሁለተኛው የሚሰቀል ነው። ቀረፋ በተፈጨ ፖምና ልጆች ወረቀት በሚያጣብቁበት ነጭ ኮላ ይቦካል፤ በዚያው ቅርጽ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ አናቱ ላይ በሳ ተደርጎለት፣ ሪባን ገብቶለት የገና ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ዓመት ይቆያል፣ ቤቱን ያውደዋል ይላል። ልጆቹ አንዱን ይበላሉ፣ አንዱን ለእናታቸው ይወስዳሉ ብዬ ሁለቱንም ለመሥራት ወሰንኩ። ሞኝ ሰው አንድ ስህተት አይበቃውም።

ማክሰኞ የኮላዎቹን ሰዎች ሠራን። አሥራ ሁለት። በዝቅተኛ እሳት ደርቀው አደሩ። ረቡዕ ጠዋት የሚበሉትን ቆረጥን። እነሱም አሥራ ሁለት፤ መቁረጫው ያው፣ ቁመቱ ያው፣ ቀለሙ ያው። ቢሆንም አልፈራሁም፣ ምልክት አለኛ! የሚሰቀለው አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የሚበላው የለውም። ይህን አስቤ ነው የሦስት ዓመቱን ኤልያስን ዳይፐሩን ልቀይር ዘወር ያልኩት። ኤልያስ ከጎኔ ስለማይጠፋና ድምፁ ስለማይሰማ በጣም የምወደው ልጅ ነው። ስመለስ ማያ በመጠጫ ስትሮ አሥራ ሁለቱንም የሚበሉትን በስታቸዋለች።

«ማያ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ኢትስ ኖት ፌር» አለች፤ ፍትሕ የለም ማለቷ ነው። «እነዚያ ቀዳዳ ካላቸው እነዚህም ይኑራቸው።»

እንግዲህ በዚህ አገር ያደገ ልጅ ፍትሕ ሲጠይቅ ምን ይባላል? ዝም ብዬ ጋገርኳቸው። ሲወጡ የኮላዎቹን በግራ ትሪ፣ የሚበሉትን በቀኝ ትሪ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። ግራ ኮላ፣ ቀኝ ኩኪስ። ግራ ኮላ፣ ቀኝ ኩኪስ። እንደ ዳዊት ደገምኩት። ልጆቹም ሁሉንም በስኳርና በውኃ በበጠበጥኩት አንድ ዓይነት ነጭ ቅብ ዓይንና አፍ አወጡላቸው። ሃያ አራት ሰዎች፣ ሁሉም ፈገግ ብለው ያዩኛል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? አንድ ላይ መጡ።

መጀመሪያ የመጣው ናታን ነው። ናታን ያ ሁሉን ነገር አፍንጫው ውስጥ የሚከተው ልጅ ነው። ለኩኪሶቹ ቁልፍ ይሆናሉ ብዬ ካመጣኋቸው ቀያይ ከረሜላዎች አንዷን ከቷታል። ቀና ብሎ «ጠፋች» አለኝ። አየሁ። ከላይ ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። በጣቴ ብሞክር ትገባለች፤ ብተወው ትቀልጣለች። መቅለጥም ጀመረች። ቀይ ውኃ ከአፍንጫው ወርዶ፣ ከንፈሩን አልፎ፣ ነጭ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። የታረደ በግ መሰለ። ልጁ ግን ምንም አልመሰለውም፤ ይልሰዋል።

በዚህ ጊዜ ነው ደወሉ የጮኸው።

ናታንን እንደታቀፍኩ ከፈትኩ። ደረቷ ላይ መታወቂያ የሰቀለች፣ ታብሌት የያዘች፣ ረጅም፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ቆማለች። ስሟ ሚስ ዶና ነው፣ ለኢንስፔክሽን ነው የመጣችው፣ መግባት ትችላለች? እኔን አላየችኝም። ናታንን ነው የምታየው።

«ደም አይደለም» አልኳት፣ ሰላም ሳልላት። «ከረሜላ ነው።»

ሚስ ዶና ታብሌቷን በብብቷ አደረገች። ጎንበስ ብላ የናታንን አንደኛውን አፍንጫ በጣቷ ዘጋችለትና «የልደት ሻማ አጥፋ፣ ግን በአፍንጫህ» አለችው። ናታን ባለው ኃይል ነፋ። ከረሜላዋ እንደ ጥይት ወጥታ የሚስ ዶና መታወቂያ ላይ፣ ልክ ፎቶዋ ግንባር ላይ ተለጠፈች።

«እንግዲህ» አለች ሚስ ዶና በሶፍት እየጠረገች፣ «ከወጥ ቤቱ እንጀምር።»

እየመራሁ ወሰድኳት። ዘጉባት የምትባለዋ እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከዛሬ ጀምሮ እትዬ አስካለ ስሟን የማያውቋት ሴት እኔ ነኝ።

ሴትየዋ ብዙ አታወራም። ፍሪጁን ከፍታ ሙቀቱን ለካች። የመድኃኒቱን መሳቢያ ሳበች፤ አልከፈት አላት። የመሳቢያው ቁልፍ ያለበትን መሳቢያ ሳበች፤ እሱም አልከፈት አላት። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በየደረሰችበት እከተላታለሁ፣ በአንድ ዓይኔ ልጆቹን እቆጥራለሁ። ስድስት። ስድስት። አምስት! ... ስድስት፤ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ነበር።

ባለቤቴ ታደሰ የማታ ሽፍት ስለሚሠራ እስከ ቀትር ይተኛል። ሴትየዋ ሳሎን የመውጫ በሩን ስትፈትሽ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የሱን ድምፅ ሰማሁ።

«በሉ ልጆች፣ ለሁሉም ይደርሳል!»

ዞርኩ። ታደሰ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በእጁ ትልቅ ሳህን ይዞ፣ ስድስቱ ልጆች ከበውት ቆሟል። ሳህኑ ላይ ፈገግ ያሉ ሰዎች ተቆልለዋል። ልጆቹ በሁለት እጃቸው ይዘው ይበላሉ።

«ታደሰ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እነዚህን ከየትኛው ትሪ አነሳሃቸው?»

«ከሁለቱም። ቡናዬን የማስቀምጥበት ቦታ ስላጣሁ አንድ ላይ አደረግኳቸው።»

የልጆቹን እጅ አየሁ፤ ቀዳዳ። ሳህኑን አየሁ፤ ቀዳዳ። የማያ ፍትሕ ሰፍኗል፣ የትኛው የኮላ እንደሆነ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ቀምሼ እንዳልለይ የገና ጾም ላይ ነን፤ ኩኪሱ ቅቤና እንቁላል አለበት። ኮላ ያለበት ደግሞ ቅቤም እንቁላልም ስለሌለው የጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅድልኝን ሐኪም ይከለክለኛል፤ ሐኪም የሚፈቅድልኝን ቤተ ክርስቲያን።

ሳህኑን ልነጥቀው እጄን ስዘረጋ ታደሰ ሚስ ዶናን አያት። ቤቱ እንግዳ ገብቷል። ታደሰ ደግሞ እንግዳ ሳይቀምስ ቤቱን ከሚለቅ ጣሪያው ቢነሳ የሚመርጥ ሰው ነው።

«እንግዳ አለ እንዴ? እንኳን ደህና መጣሽ! ያዢ» አላት ሳህኑን አስጠግቶ።

«አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

«አንድ ብቻ።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

«በሞቴ» ሊላት ፈለገ። በእንግሊዝኛ በሞቴ የሚባል ነገር የለም። እሱ ግን ቃል በቃል ገለበጠውና በጋቢ እንደተጠቀለለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «ስለ ሞቴ ብለሽ ብዪ» አላት።

ሚስ ዶና ደነገጠች። ሰውየው በጠና የታመመ ሳይመስላት አልቀረም። «ኦ፣ በጣም አዝናለሁ» አለችና ቶሎ ብላ አንዱን አነሳች። ነከሰችው።

«ቀጭ» አለ።

ቅቤ ያለው ኩኪስ ቀጭ አይልም። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ከኮላዎቹ አንዱ ወለል ላይ ሲወድቅ የሰማሁት ነው። ሚስ ዶና ማኘክ ጀመረች። አኘከች። አኘከች። ፊቷ ላይ የነበረው ትሕትና ቀስ እያለ ወደ ሥራ ተለወጠ። እንደምንም ዋጠችና «ቀረፋው ይጣፍጣል» አለች። ቀሪውን እንደያዘች ቤዝመንት ያለውን የውኃ ማሞቂያ ልታይ ከታደሰ ጋር ወረደች።

መንግሥትን ኮላ አበላሁ።

ሳህኑንና በልጆቹ እጅ ያየሁትን ሁሉ ሰብስቤ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩና፣ ልጆቹ ፊት ቆሜ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«በላችው?» አሉኝ።

«ግማሹን።»

«ዝም በይ።»

«እትዬ አስካለ፣ ልጆቹም በልተው ይሆናል እኮ!»

«ዝም በይ አልኩሽ! ሲጠይቁሽ ብቻ መልሺ። እሷ ወረቀቷን ሞልታ ትሂድ፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ውኃ አጠጪያቸው። ከተናገርሽ ዛሬውኑ ይዘጉብሻል። ያችኛዋን በሽሮፕ ነው የዘጉባት፤ አንቺ ኮላ ነው ያለሽው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ትክክል ናቸው። ዝም ብል ማን ያውቃል? ልጅ አይናገር፣ ታደሰ አያውቅ፣ ሴትየዋ ጣፍጧታል። ወደ መጋዘን መመለስን አሰብኩ። ወገቤን አሰብኩ። እነዚህን ልጆች ነገ ጠዋት በር ላይ ቆሜ አለመቀበልን አሰብኩ፤ እሱ ነው ከሁሉም የባሰብኝ። ዝም ልል ወሰንኩ። የተረጋጋሁ መስዬ ልጆቹን ልቆጥር ዞርኩ።

ኤልያስ ከጎኔ ቆሟል። ጉንጩ ተነፍቷል። እጁ ላይ የቀረው አንድ ደረቅ ቡናማ እግር ነው። እንደ ልማዱ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እንደ አጥንት ይቆረጥመዋል። ሳል አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው ሁሉ እንደሚስለው ዓይነት ሳል ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ላይሰንስ ያሰብኩት ነገር ትዝ አይለኝም። ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። ተቆጣኝ፤ አለቀሰብኝ፣ «የኔ ነው!» አለኝ። ታቅፌው ወደ ቤዝመንቱ ደረጃ ሮጥኩ። ሚስ ዶና ከታች እየወጣች ነው፣ ግማሹ ሰውዬ አሁንም እጇ ላይ አለ።

«አትብዪው!» ብዬ ጮህኩ። «አትብዪው! ኮላ አለው!»

እንግሊዝኛዬን አራት ዓመት በየቀኑ ተናግሬዋለሁ። ልጆች ኮላን በእንግሊዝኛ «ግሉ» ሲሉ በቀን ሃያ ጊዜ እሰማለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ያ ቃል ከጭንቅላቴ ውስጥ ተጠርጎ ወጣ። የቀረኝ ኮላ ብቻ ነው።

«ኮላ?» አለች ሚስ ዶና።

«አዎ! ብዙ ኮላ!»

ፊቷ ፈካ። ለስላሳ መጠጡ መሰላት። «አያቴም ኬኳ ውስጥ ኮላ ትጨምር ነበር! ለካ እሱ ነው እንዲህ ያጠነከረው» አለችና ልታስደስተኝ ብላ ሌላ ትልቅ ጉርሻ ገመጠች።

«ቀጭ» አለ።

ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ ሮጬ የኮላውን ጠርሙስ አመጣሁ። አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት። ነጩን ጠርሙስ አየች። እጇ ላይ ያለውን ሰውዬ አየች። እኔን አየች። ማኘኳን አቆመች። ታደሰ ከኋላዋ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አቅቶት፣ «ምንድን ነው?» ይለኛል።

ሁሉንም ነገር ነገርኳት። ግራ ትሪ፣ ቀኝ ትሪ፣ የማያ ስትሮ፣ የታደሰ ቡና። ያልጠየቀችኝንም ነገርኳት። አሁን ዝም ልል አስቤ እንደነበርም ነገርኳት፤ ፈሪ ሰው መናገር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሚስ ዶና በሶፍት አፏን ጠረገችና «የመርዝ ጉዳይ የሚደወልበት ቁጥር የት ነው የለጠፍሽው?» አለችኝ።

«ፍሪጁ ላይ።»

ዞራ አየችው። ታብሌቷን አወጣችና እዚያው በቆመችበት አንድ ነገር ምልክት አደረገች። ቁጥሩን መለጠፍ ግዴታ ነው፤ አንዱን አለፍኩ ማለት ነው።

ደወልኩ። አንድ የተረጋጋ የወጣት ድምፅ አነሳው። ቤት ውስጥ ዴይኬር እንዳለኝ፣ ኮላ የተበላ መሆኑን ነገርኩት፤ ቃሉ ተመልሶልኝ ነበር። ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቢልኝ አለ፤ አነበብኩለት።

«የበላችው ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ሚስ ዶናን አየኋት። «አምሳ ስምንት» አለችኝ።

«አምሳ ስምንት» አልኩት።

ስልኩን ያነሳው ልጅ ግራ ገባው። «ወር?»

«ዓመት።»

«ክብደቷስ?»

ሚስ ዶና ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ። ወደ ማዕዘኑ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ አንድ ቁጥር አንሾካሾከች። ታደሰ ሊሰማ አንገቱን ሲያሰግ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

የትምህርት ቤት ኮላ መርዝ አይደለም፣ ውኃ ይጠጡበት፣ የሚያሰጋው ማነቁ ስለሆነ የልጆቹን አፍ እዩ አለ። ስድስቱንም አስቀምጠን አፋቸውን አየን። ስልኩ ላይ ያለው ልጅ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበረው። ስንት ተበልቷል? ይህን ማንም አያውቅም።

መላውን ያገኘችው ሚስ ዶና ናት። «የሚበላው ቅቤ አለው አይደል?» አለች። የወጥ ቤት ሶፍት አመጣች። በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታችን ጆሯችን ደርሶ፣ እኔና የመንግሥት ኢንስፔክተር ጎን ለጎን ተቀመጥን። የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ ሶፍት ላይ ጫን ማድረግ ያዝን። ቅቤ ያለው ወረቀቱን ያወዛዋል፤ ኮላ ያለው ደረቅ ይወጣል። ልጆቹ ከበው ያያሉ። ማያ ውጤቱን ጮክ ብላ ትናገራለች። «ወዛም! ወዛም! ደረቅ!» ትላለች። እንደ ዳኛ ናት። አጥብቄ ስጫን የአንዱን አንገት ሰበርኩት፤ ናታን አለቀሰለት።

ሲያልቅ ከኮላዎቹ ዘጠኝ ተገኙ። ሦስት ጠፍተዋል። አንዱን ሚስ ዶና፣ አንዱን ኤልያስ። ሦስተኛውስ? ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም የበሉት ለስላሳ ነበር። ያኔ ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ... ቅድም ስወርድ አንድ ቀምሻለሁ።»

«ታደሰ! ጾም ላይ ሆነህ?»

«ሽታው ነው! ሽታው አሳተኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ቆይ፤ እኔ የበላሁትም ደረቅ ነበር። በጣም ደረቅ። ይሄ የኮላው ቅቤ የለውም አይደል?»

«የለውም።»

«እንቁላልስ?»

«የለውም።»

ፊቱ በራ። «እሰይ! እንግዲያው ጾሜን አልገደፍኩም!» ብሎ ጋቢውን አስተካክሎ ውኃውን ጠጣ። ሚስ ዶና ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት፤ ለአንድ ቀን በቂ ነገር ሰምታለች።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ታብሌቷን ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች። ጻፈች። እኔ እንደ ተከሳሽ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አዞረችልኝ። የደረሰውን ነገር በቅጹ ሞልቼ ለወላጆች በሙሉ ዛሬውኑ መንገር አለብኝ። የእጅ ሥራ ዕቃና ምግብ አንድ መደርደሪያ ላይ ሁለተኛ አይቀመጥም። ከሥሩ ደግሞ ጉድለት የሚል ርዕስ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ። አንድ መስመር ብቻ ነው። ከገና ዛፉ ጀርባ ያለው ሶኬት ክዳን የለውም።

«ይሄው ነው?» አልኳት።

«ሶኬት ቀልድ አይደለም» አለችኝ ኮስተር ብላ። ኮቷን ለብሳ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ታደሰ ዞረች። «ጤናህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ» አለችው በጣም አዝና። ታደሰ ምን እንደታዘነለት ሳይገባው «አሜን» አላት።

የቀረኝ ወላጆቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከኢንስፔክተር ይብሳሉ፤ ኢንስፔክተር በዓመት አንድ ቀን ነው፣ እናት በየቀኑ ትመጣለች። በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ስደግመው ዋልኩ። የናታን እናት አፍንጫ ሲባል ገና ሳልጨርስ «ዛሬ ደግሞ ምን?» አለች። የማያ እናት «ፎቶ አንስተሻል?» አለችኝ። ሌሎቹም እንዲሁ አለፉኝ። የመጨረሻው የኤልያስ አባት ነው። ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ሰላም ሲል እንኳ ከንፈሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ነው። ልጁ በእርግጥ ኮላ የበላበት አባት ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ስጨርስ ኤልያስን አነሳው። አፉን ከፍቶ አየው። ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«እትዬ፣ በላው ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«ራሱ? ሳይለመን?»

«አዎ፣ የኔ ወንድም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ምን ያህሉን?»

«ሙሉ ሰውዬ ነው። አንድ እግር ነው ያስጣልኩት። አልሰጥም ብሎ አልቅሷል።»

ከባዱ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቤት ምንም አይበላልንም» አለኝ ድምፁ ተለውጦ። «ምንም። እናቱ ሳህን ይዛ ስትከተለው ነው የምትውለው። ሐኪም ቤት ወስደነዋል። እባክዎ ... አሠራሩን ይጻፉልኝ።»

በዚያው ማታ ጻፍኩለት። ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ዝንጅብሉን፣ የእሳቱን ልክ ሳይቀር። የሚበላውን ማለቴ ነው፤ ኮላውን በስሙም አላነሳሁትም። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። የኤልያስ አባት ነው።

«እትዬ፣ እንዳሉን አድርገን ሠራን። ቀምሶ ተፋው። የረሱት ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል።

ይኸው ሳምንት ሆነኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት ፈርቼ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍትለት ታደሰ ነው።